ጽሑፍ ማኅደሩን ሲለውጥ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የተጻፈ ነገር የሚወረሰው የት እንደተቀመጠ ከታወቀ ነው። የተቀመጠበት ቤት ሲፈርስ ወይም ባለቤት ሲለውጥ ይዞት የሚወጣ ሰውም ያስፈልገዋል። ይህን የሚያህል ቁም ነገር በአንድ ቃል ጠቅልሎ የያዘ ቋንቋ ግእዝ ነው፤ ቃሉም «ማኅደር» ይባላል። ኀደረ ማለት አደረ፣ ኖረ ማለት ነውና ማኅደር ማደሪያ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበትን፣ ማንገቻ ያለውን የቆዳ ከረጢት ሊቃውንቱ በዚህ ስም ሲጠሩት መጽሐፍን እንደ ዕቃ ሳይሆን ቤት እንደሚያስፈልገው ነዋሪ ቆጥረውት ነው።

ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ «ፎልደር» የምንለውን አንዳንዶች «አቃፊ» ሲሉት ሌሎች «ማኅደር» ይሉታል። እኔ ሁለተኛውን እወድደዋለሁ። ምክንያቴም የቃል ውበት ብቻ አይደለም። ሰው ከአንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የማደሪያ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ያ የለመድነው ቤት የት ሄደ? የጻፍሁትን አሁን የት ላኑር? ይህ ጥያቄ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እንዲህም ሆኖ ያገኘሁት በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ መካከል ነው።

* * *

ከብራናው ልጀምር። የጥንቱ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደተፈጸመ የሚናገር ቃል የሚያኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። መጽሐፉ ከማኅደሩ ቢወጣ፣ ከደብር ወደ ደብር ቢሄድ፣ በምርኮ ባሕር ቢሻገር እንኳ ያ ቃል አብሮት ይሄዳል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተጭነው ለንደን የገቡት መጻሕፍት ከየት እንደመጡ ዛሬ ማወቅ የሚቻለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ሁለት ዓይነት ጥበቃ ነበራቸው ማለት ነው። አንደኛው ከውጭ ያለው ማኅደር፣ ሁለተኛው ጽሑፉ ራሱ ውስጥ ያለው ምስክር ነው።

ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ሲመጣ ደግሞ «መዝገብ ቤት» የሚባል ክፍል ተወለደ። መዝገብ በግእዝ የሀብት ማከማቻ፣ ድልብ ማለት ነው። የደብዳቤው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የገባበት ፋይል፣ ፋይሉ የቆመበት መደርደሪያ፣ ይህ ሁሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዕውቀት ነበር። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችባቸው ዘመናት የዚያ ሰፊ አገር ጉዳይ፣ ከሳነቴ ብርድ እስከ ቆላው ሙቀት ያለው አቤቱታና ትእዛዝ፣ በወረቀት እየሆነ ወደዚህች ቀዝቃዛ ከተማ ይወጣ ነበር። ኋላ የአስተዳደሩ መቀመጫ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ሮቤ ዞረ። መሥሪያ ቤት ሲዛወር ፋይልም ይዛወራል። ፋይል ሲዛወር የሚሆነውን ደግሞ በመሥሪያ ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ይደርሳል፣ ቦታውን የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም።

* * *

ኮምፒዩተሩ ማኅደር የሚባለውን ነገር ያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚገባበት አሠራር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «መልቲክስ» በተባለው ሥርዓት ታየ። ከዚያ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የሠሩት «ዩኒክስ» ወረሰው። በዩኒክስ ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር ይበቅላል፤ ሥሩም በአንዲት ያዘመመች መስመር (/) ይመለከታል። ማይክሮሶፍት ዶስ ይህን የዛፍ ሥርዓት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1983 በሁለተኛው እትሙ ነው። ያዘመመችዋ መስመር ግን በዶስ ትእዛዞች ውስጥ ቀድማ ለሌላ ሥራ ተይዛ ስለነበር በግልባጭዋ (\) ተተካች። ዲስኮችንም በፊደል ሰየማቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ለፍሎፒ ስለተሰጡ ደረቁ ዲስክ «ሲ» ሆነ። የፍሎፒ ዘመን ካለፈ ስንት ዓመቱ! «ሲ» ግን ያው «ሲ» ነው።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው በዚህ ቅርስ ነው። «ሲ» የለም፤ «ዲ» የለም። ያለው አንድ ዛፍና በዚያ ዛፍ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ አንድ «ቤት» ነው፤ በእውነትም «ሆም» ይባላል። ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ አዲስ ፊደል አያገኝም፤ በዛፉ ላይ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ይቀጠላል። አንዴ ከተለመደ ከዊንዶውሱ ይልቅ ለአገር ልጅ የሚቀርብ አሠራር ነው። ግቢው አንድ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ክፍል ይሰጠዋል እንጂ አዲስ አገር አይቆረቆርለትም።

የስሙም ነገር ታሪክ አለው። በዶስ ዘመን የአንድ ፋይል ስም ከ8 ፊደል፣ ቅጥያው ከ3 ፊደል እንዳይበልጥ የተወሰነ ነበር፤ ያውም በላቲን ፊደል። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ልብ ወለዱን በአማርኛ ጽፎ በስምንት የላቲን ፊደላት ሰይሞ ያስቀምጠው ነበር። ዊንዶውስ 95 ስሙን እስከ 255 ፊደል ቢያሰፋውም ስሙን በገዛ ፊደላችን ለመጻፍ ገና ብዙ ዓመታት መጠበቅ ነበረብን።

* * *

ምክንያቱን ለመረዳት የፊደላችንን መግቢያ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለመቆጣጠሪያ ምልክት የተያዘ ነው። 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ እነ ቋ፣ ኳ፣ ሏ ሲጨመሩ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ቤቱ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ የሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ፎንቶች ከፈሉት። ዘወትር የሚያገለግሉት በአንደኛው፣ አልፎ አልፎ የሚመጡት በሌላው። አጋፋሪ፣ ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ እና ሌሎችም እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቅደም ተከተል አስፍረውታል። አንዱ «ለ»ን ባኖረበት ቦታ ሌላው «መ»ን ያኖራል።

ኮምፒዩተሩ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እርሱ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደሎችን ነው፤ አማርኛው በላያቸው ላይ የተደረበ ልብስ ነበር። ልብሱ፣ ማለትም ፎንቱ፣ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ግጥም ይሆናል፤ በሌለበት ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. «ጽሑፍህ አልከፈት አለኝ» ያልተባባለ ጸሐፊና አሳታሚ ይኖር ይሆን?

መፍትሔው ዩኒኮድ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ከ340 በላይ የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ተቀበለ። ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ቁጥር ተሰጠው። ከዚህ ወዲያ «ሀ» በየትም አገር፣ በየትኛውም ሥርዓት «ሀ» ነው። መስፈርት መጻፍና ቤት መግባት ግን ይለያያሉ። ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ ከውስጡ ይዞ ለሕዝብ የቀረበው «ቪስታ» በተባለው እትሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ነው፤ እኛ ሁለተኛውን ሺህ ዓመት ጨርሰን ሦስተኛውን ለመቀበል ሽር ጉድ በምንልበት ዓመት።

የዚያ ፎንት ስም «ኒያላ» ይባላል። የተሰየመው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ በሚኖረው በደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን ከአገራችን ሌላ በየትም አይገኝም። በብዛት ሊታይ የሚችለው ደግሞ ከሮቤ በስተምዕራብ፣ በዲንሾ ጥድና ኮሶ ሥር ነው። ቀንዱ እንደ ፊደል ጠመም ብሎ ሲነሣ ያየ ሰው ስም አውጪዎቹን አይነቅፍም። እኔን ግን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ፎንቱም እንደ እንስሳው መኖሪያው ጠበበ። በዊንዶውስ 8 «ኤብሪማ» የተባለ ሌላ ፎንት የአማርኛን ፊደል ተረከበ፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ የሚፈልገው ሰው ብቻ የሚያስገባው ተጨማሪ ዕቃ ሆነ። ሊኑክስ ላይ ከቶም አልነበረ፤ በዚያ ያሉት እነ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» ናቸው። በኒያላ የተሰናዳ የግጥም መድበል ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ፊደሉ አይጠፋም፤ ዩኒኮድ ነውና። ነገር ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ረጅሙ ስንኝ ይሰበርና ወደ ታች ይወርዳል። ቤት የሚመታው ቃል ከቤቱ ይወጣል።

* * *

ባሌ ውስጥ ይህ ታሪክ ሌላም መልክ አለው። የኦሮምኛ ጽሑፍ በደርግ ዘመን በግእዝ ፊደል ይታተም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወጣው «በሪሳ» ጋዜጣም፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መማሪያዎችም በዚሁ ፊደል ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲጸድቅ የጽሕፈቱ ሥርዓት በላቲን ተተካ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለዓለም ያስተዋወቀውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1991 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው አንድ ነገር ይታየኛል። የፊደል ለውጥም ራሱን የቻለ የሥርዓት ለውጥ ነው። አዲሱን ለመጻፍ ብቻ ሳይሆን አሮጌውን ለማንበብ የሚችል ሰው ማቆየትን ይጠይቃል።

ሮቤ ውስጥ አንድ የ1990ዎቹ ዓ.ም. ፎልደር ቢከፈት ሁለቱን ጎረቤቶች አንድ ላይ ማግኘት የተለመደ ነው። በቁቤ የተጻፈው ኦሮምኛ በየትኛውም ሥርዓት፣ በየትኛውም ፎንት ይነበባል፤ ኮምፒዩተሩ ከተፈጠረ ጀምሮ የሚያውቃቸው ፊደሎች ናቸውና። አጠገቡ ያለው አማርኛ ግን ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ነው። ይህ የአንዱ ቋንቋ ብልጫ የሌላው ጉድለት አይደለም። ማሽኑ በማን አገር፣ ለማን ፊደል እንደተሠራ የሚናገር ሐቅ ነው። የዘመኑ ወጣት ግን ይህን ታሪክ ሳያውቅ ፎልደሩን ከፍቶ አንዱን ያነብባል፣ ሌላውን «የተበላሸ ፋይል» ብሎ ያጠፋዋል። የታሪክ ምንጭ የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ጠቅታም ነው።

* * *

አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ጎባ ውስጥ አውቃለሁ። ዕድሜያቸውን በባሌ ትምህርት ቤቶች ያሳለፉ ናቸው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን በሚያቋርጠው፣ የሐረናን ጫካ ወርዶ በዶሎ መና በኩል ቆላ በሚገባው መንገድ እስከ ብድሬ ድረስ ተመድበው አስተምረዋል። ግጥም ይጽፋሉ፤ አሳትመው አያውቁም። አሮጌ ኮምፒዩተራቸው ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን የዚያ ሥርዓት ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ነው። ማሽኑ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ስላልቻለ የልጃቸው ልጅ ቀለል ያለ ሊኑክስ ሊጭንላቸው አሰበ። ከዚያ በፊት ግን ያለው ሁሉ በፍላሽ ተገልብጦ ወደ እኔ መጣ።

ፍላሹ ስሰካው ባዶ መሰለ። ያን ጊዜ በየኢንተርኔት ካፌው የሚዛመት ቫይረስ ነበር፤ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው የሐሰት ምልክት የሚተክል። ሊኑክስ ለዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ደንታ ስለሌለው የተሸሸጉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ታዩ። በአገራችን ብዙ ሰው ከሊኑክስ ጋር የተዋወቀው በዚህ በር ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2005 እስከ 2011 ድረስ የኡቡንቱ ዲስክ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበርና እርሱን አስገብቶ የጠፋ ፋይል ያወጣ ብዙ ነው።

የፎልደሮቹ ስም ግን ምንም አይነግርም፤ ኒው ፎልደር፣ ኒው ፎልደር 2፣ ኒው ፎልደር 3። የፋይሎቹም ቀን አይታመንም፤ የኮምፒዩተሩ ውስጣዊ ባትሪ ከሞተ ሰንብቶ ስለነበር ሰዓቱ በየማለዳው ወደ ጥንቱ ይመለስ ነበር። የዓመታት ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን የተጻፈ መስሏል። ጽሑፉ በአሮጌ ፎንት ስለሆነ የሚታየው የላቲን ፊደል ነው። ይህ ለብቻው አያስፈራም። ሰነዱ የፎንቱን ስም ይዞ ስለሚቀመጥ የትኛው ፎንት እንደሆነ አይቶ፣ የፊደሉን ሰሌዳ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል።

የሚያስፈራው ሌላ ነበር። ከግጥሞቹ ጥቂቶቹ በአንድ ወቅት ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ተገልብጠው ኖሯል። ተራ ጽሑፍ ፎንት አያውቅም። ቀደም ብዬ ፊደሉ ለሁለት ፎንት ተከፍሎ ነበር ብያለሁ፤ የፎንቱ ስም ሲጠፋ የአንደኛውና የሁለተኛው ፎንት ፊደላት ይቀላቀላሉ፤ አንዱ የላቲን ምልክት ሁለት የአማርኛ ፊደል ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ማሽን የለም። የሚያውቅ ካለ ገጣሚው ነው።

እናም ከመምህሩ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ የተጠራጠርሁበትን ስንኝ አነብባለሁ፤ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «የለም ልጄ፣ እዚያ ላይ ቤት አይመታም፤ ቃሉ ሌላ ነው» ይሉና ሙሉውን በቃላቸው ይወጡታል። ከሰባት ግጥሞች ስድስቱ እንዲህ ተመለሱ። የሰባተኛው ሁለት ስንኞች አልመጡላቸውም። «ባዶውን ተወው» አሉኝ፤ «የሌለውን ያለ አስመስለን አንሙላ።» የአበው ተረት እዚያ ክፍል ውስጥ ተገለበጠ። በመጽሐፍ ያለው ሲረሳ በቃል ያለው አስታወሰው።

አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ የመጣው ጥያቄ የማኅደር ጥያቄ ነበር። እኔ በዓመተ ምሕረት እንድንከፋፍለው ሐሳብ አቀረብሁ። መምህሩ ግን «ዓመቱን እንጃ፤ የጻፍሁበትን ቦታ ግን አልረሳም» አሉ። ስለዚህ አራት ማኅደር ተከፈተ፤ ጎባ፣ ሮቤ፣ ዲንሾ፣ ብድሬ። ማንም የኮምፒዩተር ባለሙያ የማያስተምረው አከፋፈል ነው። ነገር ግን ለእርሳቸው ትክክለኛው እርሱ ነበር፤ አሁንም ያለ ማንም ረዳት የፈለጉትን ያገኛሉ። ግጥሞቹን አንድ ላይ ሳያቸው እኔም አንድ ነገር አስተዋልሁ። የብድሬዎቹ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ናቸው፤ የጎባዎቹ ስለ ጉምና ስለ ናፍቆት። አከፋፈሉ ራሱ ሐተታ ሆነ።

* * *

ከዚህ ሥራ የተረፈኝ አንዳንድ ነገር አለ፤ ለጸሐፊ ወገኖቼ ይጠቅም እንደሆነ ላካፍል።

የመጀመሪያው የስያሜ ነገር ነው። አማርኛ ቃላትን የሚያሳጥረው ባዘመመች መስመር ነው፤ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት። ይህች መስመር ግን በዩኒክስ ዛፍ ላይ የቅርንጫፍ መለያ ስለሆነች በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ አትገባም፤ ዊንዶውስም ይከለክላታል። ቀንንም በእርስዋ ለይቶ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ «የት/ቤት ትዝታ» ብሎ ፋይል መሰየም የሚሻ ሰው ቃሉን ዘርግቶ «የትምህርት ቤት ትዝታ» ማለት አለበት። ምሕጻረ ቃል ያስለመደን ስንፍና በማሽን ሲከለከል ማየት ደስ ይላል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ለእኛ ማኅደር፣ ማህደር፣ ማሕደር አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በ«ዓለም» ያስቀመጠ ሰው «አለም» ብሎ ቢፈልግ ላያገኝ ይችላል። የሞክሼ ፊደላት ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት የሊቃውንት ነበር፤ ዛሬ ፋይሉ የጠፋበት ሁሉ ክርክር ሆኗል። ይቀነሱ ወይስ ይኑሩ በሚለው ላይ የየራሳችን አቋም ይኖረናል። ቢያንስ እያንዳንዳችን በመረጥነው አጻጻፍ እንጽና።

ሦስተኛው የርዝመት ነገር ነው። ዊንዶውስ በዛሬው የዲስክ አያያዙ 255 የአማርኛ ፊደል ያለው ስም ይቀበላል። የተለመደው የሊኑክስ አያያዝ ግን 255 የሚለው በባይት ቆጥሮ ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከ85 ፊደል የሚበልጥ ስም ወደ ሊኑክስ አይሻገርም። በሽግግር ቀን ጥቂት ፋይሎች ብቻ «አልገለበጥም» ብለው ቢቀሩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

አራተኛው የዘመን ነገር ነው። «1999» የሚል ማኅደር በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ ከሆነ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው፤ በፈረንጁ ከሆነ ግን ገና ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለበት። ማሽኑ የሚያትመው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ያውም ባትሪው ከሞተ ሐሰት ነው። ስለዚህ ቀኑን እንደ ጥንቱ ጸሐፊ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ ከነቦታውና ከነአቆጣጠሩ መጻፍ ይበጃል። ማኅደሩ ቢጠፋ ምስክሩ አይጠፋም።

አምስተኛው ምርጫ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሳይጠይቁን የፈለጉበት ያስቀምጣሉ፤ ከኢንተርኔት የወረደው ሁሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ እንደ ገበያ ጉሊት ይከመራል። በሁሉም ሥርዓት ማለት ይቻላል «ከማስቀመጥህ በፊት ቦታውን ጠይቀኝ» የሚል ማስተካከያ አለ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የሰነዶች፣ የሥዕሎች፣ የወረዱ ዕቃዎች ማደሪያ የትኛው ፎልደር እንዲሆን የሚወስን አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል በቤታችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ከፍቶ በመረጠው ስም ሊለውጠው ይችላል።

* * *

«ለምን እንደክማለን? ማሽኑ ራሱ ፈልጎ ያምጣልን» የሚል አለ። ይህም ሐሳብ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያም ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች የታደለው አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፕ «ሹገር» የሚባል ሥርዓት ነበረው። በእርሱ ላይ ልጁ ፎልደር አይመርጥም፤ የሠራው ሁሉ «ጆርናል» በተባለ የቀን መዝገብ ውስጥ በቅደም ተከተል ራሱ ይገባል። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክም ወደዚያው ያደላ ነው። ፎቶው አለ፤ የት እንዳለ ግን አናውቅም። ለመፈለግ ይመቻል፤ ለማውረስ ግን አይመችም። ፈላጊው የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነውና። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ግን ምን እንዳለ አያውቅም፤ የሚመራው እኛ የሰጠነው ስምና እኛ የከፈልነው ማኅደር ብቻ ነው።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አዲሱን ሊሸከሙ የማይችሉ ብዙ ማሽኖች በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤታችን አሉ፤ ብዙዎቹም ሌላ ሥርዓት ይጫንባቸዋል ወይም ይጣላሉ። በእነርሱ ውስጥ የሠላሳ ዓመት አማርኛ አለ። ያልታተመ ልብ ወለድ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የጥናት ወረቀት፣ የሞተ ወንድም ደብዳቤ፣ ብዙውም በአሮጌ ፎንት። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚችል ካለ ሦስት ነገር ያድርግ። ፋይሉን ከነፎንቱ ይገልብጥ፤ ወደ ዩኒኮድ ይቀይር፤ ዋናውንም አያጥፋ። ጸሐፊው በሕይወት ካሉ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ያንብብላቸው። ፎንት ሊገዛ ይችላል፤ ሰሌዳውም ሊሠራ ይችላል፤ ቤት የማይመታውን ስንኝ ሰምቶ «የለም፣ ቃሉ ሌላ ነው» የሚል ጆሮ ግን በምንም አይተካም።